መተውና መርሳት

አማርኛችን ሰው ለማይፈልገው ነገር ባለቤት አያጣለትም። በክረምት ሜዳው ላይ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» ይለዋል። ሽንኩርት መስሎ ሽንኩርት ያልሆነውን፣ ወጥ የማይገባውን የዱር ሥር ደግሞ «የጅብ ሽንኩርት» ብሎ ይገላገላል። ጅቡ በበኩሉ ጥላ ይዞም፣ ሽንኩርት ከትፎም አያውቅም። ስሙ የወጣው ለጅቡ ታስቦ ሳይሆን እኛ ከነገሩ እጃችንን እንድናነሣ ነው። «የእኛ አይደለም፤ የጅብ ነው» እንደ ማለት።

በዚህ ስም ከሚጠሩት ሥሮች አንዱ ራቤል፣ እናቴ ጓሮ ውስጥ ይኖራል። ራቤል በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርንና መሐል ሜዳን አልፎ የሚደረስባት፣ የገብስና የበግ አገር፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ደጋ ናት። ሥሩ ግን የደጋ ተወላጅ አይደለም። ከቆላው የመጣ ዘመድ ለእናቴ ይዞላት መጥቶ፣ እሷ ከቤቱ ጀርባ ነፋስ በማያገኘው የድንጋይ ካብ ሥር ቀበረችው። ከዓመቱ እኩሌታውን እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ አፈር ነው። ዝናብ ሲጀምር አንድ ቀን ጠዋት መሬቱን ሰንጥቆ ወፍራም አገዳ ይወጣል። በአናቱ ላይ ክብ፣ ቀይ፣ ፍም የመሰለ አበባ ይፈነዳል። ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይና ይጠወልጋል። ቅጠሉ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በጥቅምትና በኅዳር መካከል እሱም ቢጫ ሆኖ ይተኛል። ከዚያ ወዲያ እንደገና ባዶ አፈር።

የዕፅዋት ሊቃውንት ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ይሉታል። መልቲፍሎረስ ባለ ብዙ አበባ ማለት ነው፤ እውነትም አንድ የሚመስለው ቀይ ኳስ እስከ 200 የሚደርሱ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው የሚሠሩት ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው በዱር ይበቅላል፤ በሌላው ዓለም ደግሞ ሰዎች በሸክላ ተክለው በየቤታቸው ያሳድጉታል። መርዛምነቱ ግን የታወቀ ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባላገሩ «ሽንኩርት» ማለቱም ያለ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ሊቃውንቱ ራሳቸው ይህን አበባና የወጡን ሽንኩርት በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል።

«የጤፍ ዋጋ ሰማይ በነካበት ዘመን ደግሞ አበባ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። እኔም ብሆን የምጽፈው ስለ አበባው ውበት ሳይሆን፣ በተለያየ ጊዜ በገዛ እጄ ስለገደልኳቸው ሁለት ሥሮችና እነሱ ትተውብኝ ስለሄዱት ጥያቄ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድን ነገር መተው መቼ መንከባከብ ይሆናል? መቼስ መርሳት ይሆናል?

* * *

የመጀመሪያውን ራስ እናቴ በጨርቅ ቋጥራ የሰጠችኝ ለጥምቀት ሄጄ ስመለስ ነበር። «አፈሩ አሸዋ ቢጤ ይኑርበት፤ አንገቱን አትቅበረው፤ ሲበቅል ውሃ ስጠው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ቅጠሉ ሲገረጣ ደግሞ አትደንግጥ። የሞተ ይመስልሃል እንጂ አይሞትም። ተወው» አለች።

አዲስ አበባ በረንዳዬ ላይ በሸክላ ተከልኩት። በግንቦት አበበ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው፤ ከየት እንደገዛሁት ጠየቀኝ። ክረምቱን ሙሉ ቅጠሉ ሰፋ፣ አበጠ። ኅዳር ሲገባ ቢጫ ሆነ። የእናቴን ቃል አልረሳሁትም፤ ነገር ግን ዓይኔ እያየ የሚሞተውን ነገር ዝም ብሎ ማየት አልሆነልኝም። «ትንሽ ብቻ» እያልኩ ጠዋት ጠዋት አጠጣሁት። ባሰበት። ባሰበት ብዬ ጨመርኩለት። በጥር ገደማ አፈሩን ብቆፍር ራሱ ለስልሶ፣ ሸቶ፣ እጄ ላይ ፈረሰ።

ምን እንደሠራሁ የተረዳሁት ቆይቶ ነው። የእንዲህ ያለው ተክል ራስ፣ አትክልተኞች ኮረት የሚሉት፣ ጎተራ ማለት ነው። ቅጠሉ በዝናቡ ወራት ከፀሐይና ከአፈር የሠራውን ስንቅ በንብርብር ልጣጮቹ ውስጥ ያከማቻል። ቅጠሉ ሲገረጣ መሞቱ አይደለም፤ ውጭ ያለውን ንብረት ወደ ቤት ማስገባቱ ነው። ስለዚህም ገና አረንጓዴ ሳለ ቅጠሉን መቁረጥ ምርቱን ከአውድማ እንደ መዝረፍ ይቆጠራል። እንዲህ ካሉት ተክሎች በብዙዎቹ የሚመጣው ዓመት አበባ ጥንስሱ ሳይቀር አስቀድሞ ኮረቱ ውስጥ ይሠራል። ደረቁ አፈር ሥር ያለው ሬሳ ሳይሆን በሩን ዘግቶ የተኛ ባለቤት ነው። ቅጠል የሌለው ተክል ውሃ አይጠጣም። ያልተጠጣው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይተኛል፣ አየር ያሳጣል፣ ሻጋታ ይጠራል። እኔ እንግዲህ የተኛን ሰው «ጠምቶት ይሆናል» ብዬ አፉ ውስጥ ውሃ ስጨምር ከርሜ ነው የገደልኩት።

ሁለተኛውን ራስ ስቀበል ትምህርቱን በሚገባ፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተምሬ ነበር። ቅጠሉ ገና መገርጣት ሲጀምር ሸክላውን አንሥቼ ከደረጃው ሥር፣ ከውሃው በርሜል ኋላ አስቀመጥኩት። ተወው ተብያለሁና ተውኩት። በጋው አለፈ። በልጉ ዘነበ፤ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ጠብታ አልደረሰውም። ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ሌላ ዕቃ ስፈልግ በርሜሉን ገፋ ሳደርግ ሸክላው ታየኝ። አፈሩ ላይ የጣት ቁመት ያህል ቀጭን፣ የገረጣ ጫፍ ቆሞ ደርቋል። ነቅቶ ነበር ማለት ነው። ቀኑን ጠብቆ ነቅቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ የሚያየው አጥቶ ተመልሷል። ውሃ ብሰጠውም አልተነሣም፤ ራሱን ባወጣው እንደ ከረመ ነጭ ሽንኩርት ኮስሶ፣ ልጣጭ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ጥፋቴ አዘንኩ። በሁለተኛው ግን አፈርኩ። ማዘንና ማፈር አንድ እንዳልሆኑ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የገደልኩት እያሰብኩለት ነው። ሁለተኛውን ስገድል ሐሳቤ ሁሉ ሌላ ቦታ ነበር፤ ያውም ለዚያ ስንፍናዬ «ብልኃት» የሚል ስም ሰጥቼው።

* * *

ይህ ነገር አዲስ ጭንቀት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ቻይናዊ ፈላስፋ ሜንሺየስ አንድ ሞኝ ገበሬን ያወራል። ሰውየው ቡቃያው አላድግ ብሎት ይጨነቅና ማሳው ገብቶ እያንዳንዷን ቡቃያ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይመዛታል። ማታ ደክሞ ቤቱ ይገባና «ዛሬስ ቡቃያውን ሳሳድግ ዋልኩ» ይላል። ልጁ ሮጦ ቢያይ ማሳው ሁሉ ጠውልጓል። ሜንሺየስ በዚህ አላበቃም፤ «ምን ይጠቅማል» ብለው አረሙን እንኳ ሳይነቅሉ የሚተዉም እንዳሉ ያክላል። መዛዡም ያጠፋል፤ ዝም ባዩም ያጠፋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በእኔ በረንዳ ላይ ሁለቱም በየተራ ተፈጽመዋል።

ይህን ሲሰማ «መልሱማ ቀላል ነው፤ መካከለኛውን መያዝ ነው» የሚል ይኖራል። አርስቶትልም ምግባር በመብዛትና በማነስ መካከል ይገኛል ብሎ የለም? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ አታብዛ፣ አታሳንስ። ነገር ግን በእኔ ሸክላ ላይ አይሠራም። በጋውን ሙሉ «በመጠኑ» ያጠጣው ሰውም ኮረቱን ያበሰብሰዋል። በዚያ ወራት ትክክለኛው መጠን ምንም ነው። በክረምት ደግሞ «በመጠኑ» ያለው ያቀጭጨዋል። አርስቶትል ራሱም መካከለኛው በሚዛን ተለክቶ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ፣ ጊዜውን፣ ሁኔታውንና ሰውየውን ማየት እንደሚጠይቅ ተናግሯል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚሰጠው ውሃ ብዛትና ማነስ አይደለም። ሁለት ሰዎች እኩል ምንም ሳያደርጉ አንዱ ተንከባካቢ፣ ሌላው ገዳይ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ልዩነቱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቋንቋችን ነው። ያልታረሰ መሬት «ጦም አደረ» ይባላል። ራት ያላገኘ ሰውም «ጦም አደረ» ይባላል። ጦም የሚለው ቃል ግን የተቀደሰውን ጾምም የሚጠራ ነው። የጾመኛና የተራበ ሰው ሆድ ተከፍቶ ቢታይ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከሆድ ውጭ ነው። ጾመኛው ለምን እንደተወ ያውቃል። እንደ እሱ የሚጾም፣ ታሞ ቢገኝ «ተው አፍርስ» የሚለው ሰው ከጎኑ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል፤ የፋሲካው ዶሮ የሚወጠወጥበት ሌሊት ተቆጥሮ ተቀምጧል። የተራበው ሰው ቀን የለውም። ጾም ቀጠሮ ያለው ረሃብ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ይህን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ እነዚያው መንዞች ናቸው። በመንዝ ደጋ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር አገር አለ። ሣሩም ጓሳ ይባላል፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያው ገሳ ይሠራበታል። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ይህን ሣር የሚጠብቀው በመተው ነበር። የአገሩ ሰው በመረጣቸው አለቆች ትእዛዝ አገሩ ይዘጋል፤ እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ድረስ ማንም አያጭድበትም፣ ማንም ከብት አያሰማራበትም። ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል፤ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል።

ልብ በሉ፤ ከሩቅ ለሚያየው የተዘጋው ጓሳ የተረሳ መሬት ይመስላል። የሚሠራበት የለም፣ የሚያጭድበት የለም። ነገር ግን ሣሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር፤ ተረኛ ጠባቂ ነበረው፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስን ሸንጎ ነበረው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታውጆ የድሮው ባለ ርስትነት ሲቀር የቄሮው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ ደንብ ተደራጅቶ እንደገና ይጠብቀው ጀመር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬ መጠጊያ ያላቸው በዚያ ምክንያት ነው።

ባዕዳኑም ቢሆኑ ይህን አያጡትም። ጀርመናዊው ሺምፐር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ትግራይ ተቀምጦ እስኪሞት ድረስ የአገራችንን ዕፅዋት እየለቀመ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። በ1844 እ.ኤ.አ. ሆክስቴተር የተባለው ሊቅ ከኢትዮጵያ ከሄዱት ዕፅዋት መካከል ነጭ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ፣ ማታ ማታ የሚያውድ አንድ አበባ መዝግቧል። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እየተባለ ኮረቱ በከረጢት ይሸጣል። የዚያ አገር አትክልተኛ ውርጩ ሳይመጣ ኮረቱን ነቅሎ፣ አድርቆ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጎ ብርድ የማይገባበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ውርጩ ሲያልፍ እንደገና ይተክለዋል። እሱም ወራቱን ሁሉ ምንም አያደርግም። ነገር ግን መደርደሪያው የት እንዳለ ያውቃል፤ የሚመለስበትንም ወር ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ይህ ነው። መተው መንከባከብ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ የተተወውን ነገር ጠባይ ማወቅ፣ ዓይን አለማንሣት፣ የመመለሻ ቀን መቁረጥ። ሦስቱ ከሌሉ መተው የሚባለው የመርሳት የክት ልብስ ነው።

* * *

ይህን ያህል ጽፌ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ሸክላው የበርሜል ኋላ ብቻ አይደለም ያለው።

አንድ ጓደኛዬ ሽማግሌ አባቱን ከገጠር አምጥቶ አዲስ አበባ አስቀመጣቸው። ያጓደለባቸው ነገር አልነበረም፤ ምግብ፣ ሐኪም፣ ለስላሳ አልጋ። አባትዬው ግን ከሰው ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው መዋል አልቻሉም። የሚቆጡት ከብት፣ የሚያስታርቁት ጎረቤት፣ ማለዳ የሚሳለሙት ደብር አጡ። በዓመቱ አረፉ። ልጁ ቡቃያውን የመዘዘው በፍቅር ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ለስንት ዓመት ስጠቀምበት እንደኖርኩ እግዚአብሔር ያውቃል። እናቴ ከራቤል መውጣት አትፈልግም። «አገሬን አልለቅም፤ እዚሁ ተዉኝ» ትላለች። ሰው «እናትህን ለምን አታመጣትም?» ሲለኝ የጓደኛዬን አባት እጠቅሳለሁ፤ «ሽማግሌ ከሥሩ አይነቀልም፤ ፈቃዷን ማክበር ነው» እላለሁ። ንግግሩ እውነት ነው። ሰሚውም ያደንቀኛል። ነገር ግን ፈቃዷን እያከበርኩ ሁለት ፋሲካ ሳልሄድ ቀርቼ ነበር። ጉልበቷን እንዳመማት ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ገንዘብ ልኬ «ደህና ናት» ብዬ አስቤ፣ ሸክላዬን ከበርሜሉ ኋላ አድርጌያት ነበር።

ያንን የደረቀ ጫፍ ባየሁበት ቀን ማታ ስልክ ደወልኩላት።

«ሽንኩርቱስ እንዴት ሆነልህ?» አለችኝ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ።

«ደረቀብኝ እማዬ። ተወው ብለሽኝ ተውኩት።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ተወው አልኩህ እንጂ አትየው መቼ አልኩህ ልጄ?» አለችኝ።

እሷ የተናገረችው ስለ ሽንኩርቱ ነው። ምሳሌ አልተናገረችም፤ አታሽሟጥጥም። ለዚህም ነው መመለሻ ያጣሁት።

በቀጣዩ ወር ሄድኩ። ጓሮውን ሳይ የእሷ ሽንኩርት ገና ለምልሞ ቆሟል። «ውሃ መቼ መቼ ትሰጪዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ምን ውሃ እሰጠዋለሁ? ዝናቡ ይሰጠው የለ?» አለችኝ። «ታዲያ በበጋስ ምን ታደርጊለታለሽ?» አልኳት። አሰብ አደረገችና «ምንም። አመድ ልደፋ ስወጣ አየዋለሁ» አለች።

አመድ ማፍሰሻው ከካቡ አጠገብ ነው። በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ባዶውን አፈር ታየዋለች። በግ ጭሮት እንደሆነ፣ ጎርፍ ሸርሽሮት እንደሆነ፣ ጫፉ ወጥቶ እንደሆነ ታያለች። አንድ ነገር ሳታደርግለት ስንት ዓመት አኑራዋለች። እኔ የጻፍኳቸው ሦስት ነጥቦች እሷ ዘንድ አንድ ናቸው።

አንባቢን በመጨረሻው ላይ ልሸነግለው አልፈልግም። እናቴን ወደ አዲስ አበባ አላመጣኋትም፤ አሁንም አትፈልግም፤ ትክክልም ናት ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለያት «እንግዲህ እመጣለሁ» ከማለት ይልቅ ቀኑን ቆረጥኩላት፤ ለግንቦት ልደታ አልኳት። «እስኪ እናያለና» አለችኝ። መጠራጠሯ ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ካለፉት ሦስት ግንቦቶች ሁለቱን አክብሬያለሁ። ሦስተኛውን ሥራ ያዘኝ፤ ለዚያ ደግሞ የማቀርበው ፍልስፍና የለኝም።

ሦስተኛዋን ራስም ሰጥታኛለች። አሁን በጋ ነውና ሸክላዬ ባዶ አፈር ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ «ይህን ምን ታደርገዋለህ? ጣለው እንጂ» ይለኛል። ከበሩ አጠገብ፣ ጫማዬን የማስርበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ውሃ አልሰጠውም። ጠዋት ስወጣ ግን ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ።